ቅዳሜ ያንን ወረቀት አትፈርም

ጥያቄ፦ ያገለገለ ላፕቶፕ ቴሌግራም ላይ ለጥፌ በ42,000 ብር ሸጥኩ። ገዢው ከሐረር መጥቶ፣ ከዚራ አንድ ሻይ ቤት ቁጭ ብለን ከፍቶ አየው፣ ሞከረው። ብሩን በባንክ አስገብቶልኝ ይዞት ሄደ። በ11ኛው ቀን ደውሎ «እየሞቀ ይጠፋል፣ ባለሙያ ከፍቶት ቦርዱ የተነካካ ነው አለኝ፣ ብሬን መልስ» አለኝ። ያገለገለ ዕቃ ዋስትና የለውም ብዬ መለስኩለት። ከዚያ ፎቶዬን ግሩፕ ላይ ለጥፎ «አጭበርባሪ» አለኝ፤ ለፖሊስ አመለክታለሁም ይላል። አሁን ሁለታችንንም የሚያውቁ ሽማግሌ ገብተው «42,000 ብር ተበድሬአለሁ ብለህ ፈርምለት፣ በ4 ወር ከፍለህ ትገላገላለህ» ብለውኛል። ቀጠሮው ቅዳሜ ነው። ልፈርም? በሕግስ የመመለስ ግዴታ አለብኝ? ጣጣ እንዳያመጣ ማስታወቂያውን አጥፍቼዋለሁ። (ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ድሬ ላይ «አንተ» መባባል የቅርበት ነውና በዚያው ልቀጥል።

ቀኑ ስለቀረበ ከቅዳሜው ልጀምር። አትፈርም። ገንዘቡን መመለስ ሊኖርብህ ይችላል፣ ላይኖርብህም ይችላል። «ተበድሬአለሁ» የሚለውን ወረቀት ግን ማንም ቢለምንህ አትፈርም። ምክንያቱን ወደ ታች በሰፊው እነግርሃለሁ።

መጀመሪያ ግን ደብዳቤህ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ገዢው ያለው አለ፣ ሽማግሌው ያሉት አለ፣ ሻይ የጠጣችሁበት ሰፈር እንኳ አለ። ማስታወቂያው ላይ ምን ብለህ እንደጻፍክ ግን የለም። ላፕቶፑ ከመሸጡ በፊት ተከፍቶ ያውቅ እንደሆነም የለም። ሰውየው «ቦርዱ የተነካካ ነው» ሲልህ «እኔ ጋ እያለ ማንም አልነካውም» አላልከውም። «ያገለገለ ዕቃ ዋስትና የለውም» ነው ያልከው። ንጹሕ የሆነ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያውን ነው የሚመልሰው። ከዚያ ደግሞ ማስታወቂያውን አጠፋህ።

አልፈርድብህም። ምናልባት ይሞቅ ነበር፣ አንድ ጠጋኝ ሰጥተኸው «አሁን ተስተካክሏል» ብሎሃል፣ አንተም አምነህ ሸጠሃል። የድሬን ሙቀት የማያውቅ ማን አለ፤ እዚህ ላፕቶፕ መሞቁ ለማንም አይገርምም ብለህም ይሆናል። ይሁን። ግን ለራስህ ጠበቃ እውነቱን ካልነገርክ ማንም ሊረዳህ አይችልም። የጉዳይህ ውጤት በዚህች አንድ ጥያቄ ላይ ይንጠለጠላል፦ ታውቅ ነበር ወይስ አታውቅም?

ሕጉን ባጭሩ ላስቀምጠው። የቃል ሽያጭም ውል ነው፤ ለላፕቶፕ የጽሑፍ ውል ግድ አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2287 ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ኃላፊነት አለበት። ሕጉ «አዲስ ዕቃ» ብሎ አልለየም። ያገለገለ ዕቃ ሲሆን ገዢው የሚጠብቀው ይቀንሳል፤ የተጫረ ክዳንና የደከመ ባትሪ ይዞ ፍርድ ቤት ቢሄድ ብዙም አይሰማም። በግማሽ ሰዓት የሚጠፋ ላፕቶፕ ግን ሌላ ነገር ነው። ሻጭና ገዢ ተስማምተው ኃላፊነቱን ማስቀረት ይችላሉ። ሻጩ ጉድለቱን እያወቀ ከደበቀ ግን ያ ስምምነት አያድነውም። ገዢው በበኩሉ ዕቃውን መመርመርና ጉድለቱን ሳይዘገይ መንገር አለበት (ቁጥር 2292)። በ11ኛው ቀን ነግሮሃል፤ ዘገየ ብለህ ብዙ አትታመን። ከነገረህ ቀን ጀምሮ መብቱን የሚጠይቅበት ጊዜ 1 ዓመት ነው (ቁጥር 2298)። ይህን 1 ዓመት ያዝልኝ፣ እመለስበታለሁ።

የሚጠቅምህም ነገር አለ። ጉድለቱ ዕቃውን ሲረከብ እንደነበረ ማስረዳት የሱ ሸክም ነው። በራሱ ባለሙያ አስከፍቶታል። ስለዚህ ቦርዱን የነካካው ማን ነው የሚለው ቀላል ክርክር አይሆንለትም። ጉድለቱ ጥቃቅን ከሆነም ውሉ ሙሉ በሙሉ አይፈርስም፣ የዋጋ ቅናሽ ይበቃ ይሆናል። 42,000ውን በሙሉ እንድትመልስ የወሰነ ፍርድ ቤት እስካሁን የለም።

አሁን ወደ ወረቀቱ።

ይህ ወረቀት በሥራዬ ደጋግሞ ያጋጥመኛል። የመኪና ጠብ ይሁን፣ የቤት ኪራይ ይሁን፣ የተበላሸ ዕቃ ይሁን፣ ሽማግሌ ይገባል፣ ነገር ይበርዳል፣ መጨረሻ ላይ «ለማሰሪያ ያህል» ተብሎ የብድር ውል ይጻፋል። ሽማግሌዎቹ ክፋት የላቸውም። ብድር የሚገባቸው ቀላል ወረቀት ስለሆነ ነው። የሚፈርመው ሰው ግን በዚያች ደቂቃ ምን አሳልፎ እንደሰጠ አያውቅም።

አንደኛ፣ ላፕቶፑ ይጠፋል። ወረቀቱ ላይ ላፕቶፕ የለም፣ ሙቀት የለም፣ 11 ቀን የለም። ያለው ገንዘብ ተቀብሎ ያልመለሰ ተበዳሪ ነው። ነገ «ኧረ ይሄ የዕቃ ጠብ ነው» ብትል፣ በጽሑፍ የፈረምከውን ውል በሰው ምስክር ማፍረስ እጅግ ከባድ ነው። ሽማግሌዎቹ ምስክር ሆነው ፈርመው ሲገኙማ ወረቀቱ ሙሉ ሆኗል። ላፕቶፑም እሱ ጋ ይቀራል፤ መልስ የሚለው ቃል የት አለ?

ሁለተኛ፣ ቅድም ያዝልኝ ያልኩህ 1 ዓመት። በሽያጭ ጉድለት ቢከስህ ሰዓቱ ይቆጥርበታል። በብድር ውል ሲሆን ግን በቁጥር 1845 መሠረት 10 ዓመት ያገኛል። ባንተ ፊርማ፣ ያለምንም ክፍያ፣ የአንድ ዓመቱን ጥያቄ የአሥር ዓመት አደረግክለት ማለት ነው።

ሦስተኛውን ሰው ጨርሶ አያውቀውም። የተወሰነ ገንዘብ ያለበት የጽሑፍ ውል የያዘ ከሳሽ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 284 በአጭር ሥነ ሥርዓት መክሰስ ይችላል። በዚህ መንገድ ሲመጣብህ መልስ ጽፈህ ዝም ብለህ አትከራከርም። መጀመሪያ በቃለ መሐላ አስደግፈህ «ልከራከር ይፈቀድልኝ» ብለህ መጠየቅ አለብህ። ካልተፈቀደልህ ፍርዱ እዚያው ላይ ይሰጣል። መጥሪያ ደርሶት «ሄጄ አስረዳለሁ» ብሎ ባዶ እጁን የሄደ ሰው በዚህ መንገድ ሲፈረድበት አይቻለሁ።

አራተኛው የሚያንገበግበው ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ በእምነት ቃል ወይም በመሐላ ነው፤ የብድሩ መመለስም እንደዚሁ። አንድ ደንበኛዬ እንዲህ ዓይነት ወረቀት ፈርሞ፣ ሦስት ጊዜ በእጁ ከፍሎ፣ ደረሰኝ መጠየቅ አፍሮ ቀረ። ሰዎች እያዩት ነበር የከፈለው። በኋላ ሙሉውን ሲከሰስ እነዚያ ሰዎች ምንም አልጠቀሙትም። እኔ ጋ የመጣው ከተፈረደበት በኋላ ነው። ያኔ ማድረግ የምችለው በጣም ጥቂት ነበር።

ታዲያ ሽምግልናውን ትተወው? በፍጹም። ሽማግሌውን አክብር፣ ቅዳሜም ሂድ። እንዲህ በላቸው፦ «አባባ፣ ለመታረቅ ዝግጁ ነኝ። ወረቀቱ ግን የሆነውን ይጻፍ።» የሆነውን የሚጽፈው የዕርቅ ስምምነት ነው። የላፕቶፑ ሞዴልና መለያ ቁጥር፣ የተሸጠበት ቀንና ዋጋ፣ ገዢው ያነሳው ቅሬታ፣ ስንት ብር እንደሚመለስ ወይም እንደሚቀነስ፣ ላፕቶፑ መቼና በምን ሁኔታ ወደ አንተ እንደሚመለስ፣ ግሩፕ ላይ የለጠፈውን እንደሚያነሳ፣ ከዚህ በኋላ በዚህ ጉዳይ አንዱ ሌላውን እንደማይጠይቅ ይግባበት። ክፍያው በባንክ ብቻ ይሁን፤ ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ «የላፕቶፕ ሽያጭ ተመላሽ» ብለህ ጻፍ። የዕርቅ ስምምነት በሕግ ፊት በተዋዋዮቹ መካከል እንደ መጨረሻ ፍርድ ይጸናልና እሱንም ቢሆን ጠበቃ ሳያየው አትፈርም። እባክህ ይህችን አትለፋት።

ስለ ፖሊስ። የተበላሸ ዕቃ መሸጥ ብቻውን ወንጀል አይደለም። እያወቁ በሐሰት ነገር አሳምኖ ገንዘብ መውሰድ ግን በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 ማታለል ይሆናል። ያ «ታውቅ ነበር ወይ?» የሚለው ጥያቄ እዚህም ይከተልሃል። ከተጠራህ አትቅር፤ ቃልህን ከመስጠትህ በፊት ግን ጠበቃ አማክር። ፖሊስ ጣቢያ ደጃፍ ላይ ተቻኩሎ የሚጻፍ ወረቀትም አትፈርም።

ማስታወቂያውን ማጥፋትህ ጎድቶሃል፣ ልደብቅህ አልችልም። ገዢው ፎቶ አንስቶት ይሆናል። በኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 የኤሌክትሮኒክ መልእክት ኤሌክትሮኒክ ስለሆነ ብቻ ማስረጃነቱ አይቀርም። እሱ ይዞት፣ አንተ አጥፍተኸው ስትገኝ ምን እንደሚመስል አስበው። «ያገለገለ፣ አንዴ የተጠገነ» ብለህ ጽፈህ ከነበረ ደግሞ ዋናውን መከላከያህን ነው ያጠፋኸው። ወደ ሌላ ግሩፕ አስተላልፈኸው ከሆነ ፈልገው። ከገዢው ጋር የተጻጻፍከውን አንድም መስመር አትንካ፣ ስልክህንም አታድስ፣ አትሽጥ።

«አጭበርባሪ» ብሎ የለጠፈውን ከነቀኑና ከነግሩፑ ስም በፎቶ አስቀር። በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ሊያስጠይቀው ይችላል። አንተ ግን የሱን ፎቶ እንዳትለጥፍ፤ ሁለታችሁም ተከሳሽ ትሆናላችሁ።

አንድ ሌላ ያልነገርከኝ ነገር አለ። ይህ የመጀመሪያ ሽያጭህ ነው? እዚሁ ድሬ ታይዋን ከሚባለው ገበያ እያመጣህ በየወሩ የምትሸጥ ከሆንክ ሕጉ እንደ ነጋዴ ነው የሚያይህ። ያኔ የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 እና የንግድ ፈቃድ ጥያቄ ይከተላሉ። ግሩፕ ላይ ከመናገርህ በፊት ለጠበቃህ ንገር።

እስከ ዓርብ ድረስ የባንክ ዝውውሩን ማረጋገጫ፣ የመልእክቶቹን ቅጂ፣ ላፕቶፑን የገዛህበትን ደረሰኝ (ከሌለ የሸጠልህን ሰው)፣ የጠገነው ካለ የሱን ስምና ምን እንደሠራ ሰብስብ። ይዘህ ጠበቃ ጋ ሂድ። የመክፈል አቅም ከሌለህ የዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉና ጠይቅ። ዓርብ ካልደረሰልህ ለሽማግሌው ደውለህ ቀጠሮውን በአንድ ሳምንት አስገፋ፤ ይረዱሃል።