የመኪና ሙዚቃና የዲናሞ አቅም

ጥያቄ፦ መኪናዬ ላይ ባለ 1000 ዋት አምፕሊፋየር ካስገጠምኩ ወዲህ ባሱ በመታ ቁጥር የፊት መብራቱ ይደበዝዛል። ትልቅ ባትሪ ባስገባ ይስተካከላል? (አንባቢ፣ ከድሬዳዋ ሳቢያን)

መልስ፦ ባትሪው ብቻውን አይበቃም፤ ሞተሩ ሲሠራ ኃይል የሚያመነጨው ዲናሞው ነውና። አምፕሊፋየርዎ ከሚስበው ኃይል 80 በመቶውን ለድምፅ ማጉያው የሚያደርስ ቢሆን እንኳ፣ በሙሉ አቅሙ ሲሠራ በ13.8 ቮልት ወደ 90 አምፔር ይወስዳል፤ ይህም የብዙ ትንንሽ መኪኖችን ዲናሞ ሙሉ ምርት የሚያህል ነው። ዲናሞ ሲግል ምርቱ ስለሚቀንስ የድሬዳዋ ሙቀት ችግሩን ያብሰዋል። በቅድሚያ ዲናሞውን ከባትሪው፣ ባትሪውንና ሞተሩን ከሻንሲው የሚያገናኙትን ገመዶች በወፍራም የመዳብ ገመድ ያስለውጡ፤ የሻንሲው ማሰሪያ ቦታም ቀለሙ ተፍቆ ብረቱ እስኪታይ ይጽዳ። ከዚያም ሙዚቃው ጮክ ብሎ ሳለ ቮልቱን ባትሪው ላይ ያስለኩ፤ ከ12.6 በታች የሚወርድ ከሆነ ከፍ ያለ አምፔር የሚሰጥ ዲናሞ ያስፈልግዎታል። በአምፕሊፋየሩ ገመድ ላይ፣ ከባትሪው በ45 ሳንቲሜትር ርቀት ውስጥ ፊውዝ ከሌለ ግን ዛሬውኑ ያስገቡ፤ የተላጠ ገመድ ቦዲውን ቢነካ መኪናው ሊቃጠል ይችላል።