መልስ፦ ውሃ ረክሶ አልማዝ ለምን ተወደደ?
ዋጋን የሚወስነው የውሃ ጠቅላላ ጥቅም ሳይሆን የመጨረሻዋ ጭማሪ፣ ማለትም በመጨረሻ የተጨመረችው አንድ መጠን፣ የምትሰጠው ጥቅም ነው። የተቸገርክበት "ሕይወት የሆነው ውሃ ለምን ከአልማዝ ረከሰ?" የሚለው ጥያቄ እዚህ ላይ ይፈታል።

ቤት ውስጥ አንድ ጀሪካን ውሃ ብቻ ካለህ ለመጠጥ ነው፤ በምንም ዋጋ አትሸጣትም። አሥረኛዋ ጀሪካን ግን ወለል ማጠቢያ ናት፤ ብትደፋም ብዙ አይቆጭህም። ውሃ የሚተመነው በእሷ ነው። አልማዝ ግን ጥቂት ስለሆነ አሥረኛው ላይ አይደረስም፤ ስለዚህ የመጨረሻው ጥቅም ከፍ እንዳለ ይቀራል።

የምጣኔ ሀብት ሊቁ አዳም ስሚዝ በ1776 እ.ኤ.አ. የመጠቀሚያ ዋጋን (ዕቃው ሲጠቀሙበት የሚሰጠውን ጥቅም) ከመለዋወጫ ዋጋ (በገበያ ከሚያወጣው) ለየ እንጂ እዚህ አላደረሰውም። የምጣኔ ሀብት ሊቃውንቱ ጄቨንስና ሜንገር በ1871፣ ቫልራስ በ1874 በየራሳቸው መንገድ ደረሱበት።

አደራ፣ ፈተና ላይ "ውሃ ጥቅሙ ትንሽ ስለሆነ" ብለህ እንዳትጽፍ። እኔ "የመጨረሻዋ" የምትለዋን ቃል ዘልዬ ነጥቡን በሙሉ አጥቻለሁ።