«በሰማያዊ ቀይሩ» ወይስ «ወደ ሰማያዊ ቀይሩ»?

ጥያቄ፦ ታዳጊዎችን በስናፕ ኮዲንግ አስተምራለሁ። ስናፕ ኮድ በመጻፍ ፈንታ ብሎክ እየገጣጠሙ የሚሠሩበት ነው። በኦፕንሲቪ፣ ማለትም ምስል በሚያነብና በሚያስተካክል የፕሮግራም መሣሪያ፣ ያነበብነውን ፎቶ ወደ ስናፕ ስናመጣው የሰዎቹ ፊት ሰማያዊ ሆኖ ታየ። ለማስተካከል በመመሪያዬ ላይ «የእያንዳንዱን ፒክስል ቀይ በሰማያዊ ቀይሩ» ብዬ ጻፍኩ፤ ፒክስል ፎቶው የተሠራበት ትንሽ ነጥብ ነው። ብዙዎቹ ልጆች ፊቶቹን ሐምራዊ አደረጓቸው። «ለውጡ» ማለት ነበረብኝ?

መልስ፦ «ለውጡ» ቢሉም ውጤቱ ያው ነበር። እዚህ ቦታ ላይ «ለወጠ» እና «ቀየረ» እኩል ይሠራሉ፤ የለመዱትን ይያዙ። ነገሩን የወሰነችው ከ«ሰማያዊ» ፊት ያለችው «በ» ናት።

«ቀዩን መጋረጃ በሰማያዊ ቀየርኩት» ሲባል ቀዩ ወርዷል፣ ሌላ መጋረጃ ተሰቅሏል። «ቀዩን መጋረጃ ወደ ሰማያዊ ቀየርኩት» ሲባል ግን መጋረጃው ያው ነው፤ ቀለሙ ብቻ ሌላ ሆኗል። «በ» ተተኪውን ታመጣለች። «ወደ» ያው ነገር ምን እንደሆነ ይናገራል።

አሁን ወደ ፎቶው እንምጣ። የአንድ ፒክስል ቀለም የሚጻፈው የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ መጠኑን በሚናገሩ ሦስት ቁጥሮች ነው። ስናፕ እነዚህን በቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ቅደም ተከተል ይጠብቃል። ኦፕንሲቪ ደግሞ እንደ ልማዱ ከሰማያዊ ጀምሮ በቀይ ይጨርሳል። ስለዚህ 200፣ 100፣ 50 መሆን የነበረበት የፊት ቀለም 50፣ 100፣ 200 ሆኖ ይመጣል፤ ሰማያዊው ያይላል። ልጆቹ «ቀዩን በሰማያዊ ቀይሩ» የሚለውን አነበቡ። በቀዩ ቦታ የሰማያዊውን ቁጥር አስገቡ። 200፣ 100፣ 200 ሆነ፤ ይህ ሐምራዊ ነው። 50 ጠፋ። ልጆቹ አማርኛውን በትክክል ነው የተረዱት! ይህን ቢነግሯቸው ደስ ይለኛል።

እርስዎ የፈለጉት ሁለቱ ቦታ እንዲለዋወጡ ነው። ለዚህ አማርኛ የራሱ የግሥ ቅርጽ አለው፦ «አቀያየረ»። ከ«ቀያየረ» ጋር ግን እንዳይምታታብን። «ልብሷን ቀያየረች» ማለት ደጋግማ ቀየረች ማለት ነው። «ወንበራቸውን አቀያየረቻቸው» ስንል አንዱ በሌላው ቦታ እንዲቀመጥ አደረገች ማለታችን ነው። መነሻዋ ላይ ያለችው «አ» ትልቅ ሥራ አላት። ታዲያ «አቀያየረ» ራሱ አንዳንዴ «እዚህም እዚያም ነካካ» ተብሎ ሊሰማ ስለሚችል «ቦታ» የሚለውን ቃል ብንጨምርበት ጥሩ ነው። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፋለሁ፦ «በእያንዳንዱ ፒክስል ውስጥ የመጀመሪያውንና የሦስተኛውን ቁጥር ቦታ አቀያይሩ።» የቀለሞቹን ስም ትቼ የቦታቸውን ቁጥር መጥራቴ ሆን ብዬ ነው። ገና ባልተስተካከለ ፎቶ ላይ «ቀዩ» የትኛው እንደሆነ ልጁን ያደናግረዋል።

በስናፕ ይህን ለመሥራት ቀላሉ መንገድ ለእያንዳንዱ ፒክስል አዲስ የቁጥሮች ዝርዝር መሥራት ነው፦ ሦስተኛው፣ ሁለተኛው፣ የመጀመሪያው፣ ከዚያም 255። የመጨረሻው ቁጥር ፒክስሉ ከጀርባው ያለውን እንዳያሳይ ያደርጋል። እሱን «ጨምሩ» ማለት ይበቃል። ልጆቹ እዚያው ነባሩ ዝርዝር ላይ መሥራት ከፈለጉ ግን አንዱን ቁጥር አስቀድመው ሌላ ቦታ ማስቀመጥ አለባቸው፤ አለዚያ እንደገና ይጠፋል።

«ወደ» ቦታውን የሚያገኘው ፎቶውን ግራጫ ስታደርጉት ነው። «ፒክስሉን ወደ ግራጫ ቀይሩ» ትክክል ነው፤ ፒክስሉ ያው ነው፣ መልኩ ነው ሌላ የሚሆነው። በተለመደው ስሌት ቀዩ በ0.299፣ አረንጓዴው በ0.587፣ ሰማያዊው በ0.114 ተባዝተው ይደመራሉ። ያ የፊት ቀለም 124 ገደማ ይሆናል፤ ይህ ቁጥር በሦስቱም ቦታ ይገባል። ቦታ ሳይቀያየር ከተሰላ ግን 96 ገደማ ይወጣል፤ ፊቱ ይጠቁራል። ስለዚህ በመመሪያዎ ላይ «አቀያይሩ» የሚለው «ወደ ግራጫ ቀይሩ» ከሚለው ይቅደም።