ቀዩ ጨርቅ ለምን ሁለት ዓይነት ቁጥር ይሰጣል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ ዕትም የመረጥኳቸው ጥያቄዎች ሁሉም ካሜራን እንደ መለኪያ ስለመጠቀም ናቸው። ካሜራ ካሊብሬት ማድረግ (ቁጥሩን ልኩ ከታወቀ ነገር ጋር ማመሳከር) የዘወትር ሥራዬ ስለሆነ ደስ እያለኝ ነው የምመልሰው። የመጀመሪያው ረዘም ይላል፤ ታገሱኝ።

ጥያቄ፣ ከአንድ የጥራት ተቆጣጣሪ፦ የምሠራው በጨርቅ ማቅለሚያ ውስጥ ነው። ከየዙሩ ቁራጭ ጨርቅ እየወሰድን ፎቶ እናነሳና የቀለሙን ቁጥር ከኮምፒውተር እናነባለን። አንድ ቀይ ቁራጭ ጠዋት የሰጠውን ቁጥር ከሰዓት በኋላ አይደግመውም። ካሜራው ጥሩ የሚባል ነው፤ ለማመሳከሪያ የሚሆን ግራጫ ካርድም አለን። ሌላ ካሜራ እንግዛ ወይስ ይኸው ይስተካከላል?

መልስ፦ ካሜራውን አትቀይሩት። አዲስ ብትገዙም ችግሩ አብሯችሁ ይዞራል። ካሜራ የሚሠራው ዓይን የሚስብ ፎቶ እንዲሰጥ ነው። መለኪያ የምታደርጉት እናንተ ናችሁ፤ እሱም ልኩ ከታወቀ ነገር ጋር በማመሳከር፣ ደግሞም በቅደም ተከተል። ቅደም ተከተሉን አጥብቄ የምናገርበት ምክንያት አለኝ፣ እደርስበታለሁ።

መጀመሪያ የምጠረጥረው መስኮቱን ነው። የጠዋትና የከሰዓት ብርሃን ቀለሙ ይለያያል፤ ደመና ሲያልፍ እንኳን ይለወጣል። መጋረጃውን ዝጉና በመብራት ብቻ አንሱ። መብራቱንም እንዳበራችሁ አትጀምሩ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ይሙቅ። ከዚያ ካሜራው ላይ «አውቶ» የሚል ነገር ሁሉ ይጥፋ፦ ዋይት ባላንስ (ነጩ ነጭ እንዲመስል ቀለሙን የሚያስተካክለው)፣ ኤክስፖዠር (ብርሃን የሚገባበት ጊዜና መጠን)፣ አይኤስኦ (ምልክቱ የሚጎላበት መጠን)፣ ፎከስ። አውቶ ዋይት ባላንስ በተለይ ለእናንተ ሥራ ጠላት ነው። ቀይ ጨርቅ ፎቶውን ሞልቶት ሲያይ መብራቱ የቀላ ይመስለውና ቀዩን ይቀንሰዋል። ልትለኩት የመጣችሁትን ነገር ራሱን ይሰርዝባችኋል።

ፋይሉ ራው (ካሜራው ያነበበው ቁጥር ሳይዋብ የሚቀመጥበት) ይሁን። ጄፔግን ለልኬት አልቀበልም፤ እዚህ ላይ ግትር ነኝ። ጄፔግ ውስጥ ያለው ቁጥር ካሜራው ቀለሙን አድምቆ፣ ጥላውን አለስልሶ፣ ጨምቆ ያስቀመጠው ነው። ራው ግን የብርሃኑን መጠን ተከትሎ ይሄዳል። ጥቁሩ መነሻ ከተቀነሰለት፣ ብርሃኑ እጥፍ ሲሆን ቁጥሩም እጥፍ ይሆናል።

ጥቁሩ መነሻ ምንድን ነው? የሌንሱን ክዳን ዝጉና በዚያው ኤክስፖዠር፣ በዚያው አይኤስኦ አንሱ። ዜሮ የጠበቀ ሰው ይደነግጣል። ብዙ ካሜራዎች ሆን ተብሎ ከዜሮ ከፍ ካለ ቁጥር ነው የሚነሱት፤ 512 እንበል። ሴንሰሩ (ብርሃኑን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል) ሲሞቅ ደግሞ ብርሃን ሳይነካው ራሱ የሚያመነጨው ምልክት ይጨመርበታል። ክዳኑ እንደተዘጋ ደጋግማችሁ አንስታችሁ አማካዩን ያዙ። «ዳርክ ፍሬም» የሚባለው ይህ ነው። ከእያንዳንዱ ፎቶ ላይ ይቀነሳል።

ቀጥሎ የማያብረቀርቅ ወጥ ነጭ ሰሌዳ ጨርቁ በሚቀመጥበት ቦታ አድርጋችሁ አንሱ። የቢሮ ወረቀት አትጠቀሙ። ብዙው ነጭ ወረቀት ማንጫ ኬሚካል ስላለበት አልትራቫዮሌት ሲነካው ሰማያዊ ብርሃን ከራሱ ያወጣል። ሰሌዳውን ትንሽ ትንሽ እያንቀሳቀሳችሁ ብዙ ጊዜ አንሱትና አማካዩን ውሰዱ፤ ሰሌዳው ላይ ያለ ጭረት በዚህ ይጠፋል። አሁን ይህን ፎቶ ኮምፒውተር ላይ ንፅፅሩን ከፍ አድርጋችሁ እዩት። ለዓይን ወጥ የነበረው ነጭ መሃሉ ደምቆ ማዕዘኖቹ ጨልመው ይመጣሉ። መብራቱ ያለበት ጎን ከሌላው ይበልጣል። ሴንሰሩን የሸፈነው መስታወት ላይ ያረፈ አቧራ እዚህም እዚያም ደብዘዝ ያለ ክብ ጥላ ጥሎ ይታያል። ይህ ሁሉ በጨርቆቻችሁ ፎቶ ላይም ነበር፤ የጨርቁ ቀለም ሸፍኖት ነው ያላያችሁት። «ፍላት ፊልድ» ይሉታል። የጨርቁ ፎቶ በእሱ ይካፈላል።

ቅደም ተከተል ያልኩትን አሁን በቁጥር ላሳያችሁ። ነጩ ሰሌዳ መሃል ላይ 8512፣ ማዕዘን ላይ 6512 አነበበ እንበል። 512 ሲቀነስ 8000 እና 6000 ይሆናል። ስለዚህ የማዕዘኑ ብርሃን የመሃሉ 0.75 ነው። ጠቆር ያለ ጨርቅ ደግሞ መሃል ላይ 912፣ ማዕዘን ላይ 812 ሰጠ። ሲቀነስ 400 እና 300 ነው። 300ን ለ0.75 ስናካፍል 400 ይመጣል፤ ጨርቁ ወጥ መሆኑ ታወቀ። አሁን ዳርኩን ሳትቀንሱ አካፍሉ። 6512 ለ8512 ሲካፈል 0.765 ነው። 812 ለ0.765 ሲካፈል ወደ 1061 ይወጣል፤ መሃሉ ግን 912 እንደሆነ ቀርቷል። ማዕዘኑ ከመሃሉ 16 በመቶ የደመቀ መስሎ ቁጭ አለ። ጨርቁ ላይ ግን ምንም የለም! ደማቅ ናሙና ላይ ይህ ስህተት ብዙም አይታወቅም፤ የሚጎዳው ጠቆር ያሉትን ነው። መጀመሪያ መቀነስ፣ ከዚያ ማካፈል የምለው ለዚህ ነው።

ስለ ቀይ በተለይ ልጨምር። ደማቅ ቀይ የቀዩን ቻናል (ካሜራው ቀዩን ብርሃን ለብቻ የሚመዘግብበትን) እስከ ጣሪያው ሊሞላው ይችላል። 14 ቢት በሆነ ራው የቁጥሩ ጣሪያ 16383 ነው። ከዚያ በላይ የመጣ ብርሃን ሁሉ አንድ ቁጥር ስለሚሆን ሁለት የተለያዩ ቀዮች አንድ ይመስላሉ። ካሜራው ጀርባ ላይ የሚታየው ሂስቶግራም (የብርሃን መጠኑን ሥርጭት የሚያሳይ ሥዕል) ብዙ ጊዜ ከጄፔጉ የተወሰደ ነው፤ አትመኑት። ራሱን ራውን በሶፍትዌር ከፍታችሁ የየቻናሉን ትልቁን ቁጥር እዩ። ጣሪያው ከነካ ኤክስፖዠሩን አሳጥሩና ዳርኩንም ነጩንም እንደገና አንሱ።

ወደ ቀለም የሚኬደው ብርሃኑ ሥርዓት ከያዘ በኋላ ነው። ካሜራው ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ የሚለው የሰው ዓይን ከሚያየው ጋር አንድ አይደለም። የሰው ዓይን መለኪያ ሆኖ የሚያገለግለው ዓለም አቀፉ የብርሃን ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1931 ያወጣው ደረጃ ነው። መነሻው ተመራማሪዎቹ ራይት በ10፣ ጊልድ ደግሞ በ7 ሰዎች ላይ ያደረጉት የቀለም ማዛመድ ሙከራ ነበር። አሥራ ሰባት ሰው! የቀለም ልኬት ግን ዛሬም በእሱ ላይ ቆሟል። የካሜራውን ሦስት ቁጥሮች ወደዚህ ደረጃ የሚያሻግራቸው ዘጠኝ ቁጥሮች ያሉት ማትሪክስ (የማባዣ ሠንጠረዥ) ነው። ማትሪክሱን ለማውጣት ቀለማቸው አስቀድሞ የተለካ ናሙናዎች ያስፈልጋሉ። የተለመደው ባለ 24 ካሬው የቀለም ሰሌዳ ነው።

እኔ ለእናንተ እሱን አልመክርም። ሰሌዳው ላይ ያለው ቀይና የእናንተ ቀይ ለዓይን ቢመሳሰሉ እንኳን የተሠሩበት ቀለም ሌላ ነው፤ ብርሃኑን የሚመልሱበት ስፔክትረም (የየቀለሙ ብርሃን ስብጥር) ይለያያል። ዓይን አንድ ያለውን ካሜራው ሁለት ሊለው ይችላል። ከራሳችሁ ጨርቆች ከደብዛዛ እስከ ደማቅ፣ ከጠቆረ እስከ ነጣ መርጣችሁ በስፔክትሮፎቶሜትር (የየቀለሙ ብርሃን ምን ያህል እንደሚመለስ በሚለካ መሣሪያ) አስለኩ። ማትሪክሱን በእነሱ ሥሩ። ጥቂቶቹን ግን ለብቻ አስቀምጡ፤ ማትሪክሱ ሲሠራ አይግቡበት። በኋላ በእነሱ ፈትኑት። ማትሪክስ በተሠራበት ናሙና ላይ ሲፈተን ሁልጊዜ ያማረ ይመስላል። ለብቻ የተቀመጡት ላይ የሚመጣው ልዩነት ነው የመሣሪያችሁ እውነተኛ ስህተት። እሱን ጻፉና ለአለቆቻችሁም አሳዩ። ናሙናዎቹን ጨለማ ቦታ አስቀምጡ፤ ብርሃን ያደበዝዛቸዋል።

አቀማመጡንም አትርሱ። መብራቱ ከጎን በ45 ዲግሪ ይምጣ፣ ካሜራው ከላይ ቀጥ ብሎ ይይ፣ ክሩ ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ይሁን። ጨርቅ ዞር ሲል ድምቀቱ ይለወጣል። ግራጫ ካርዳችሁ ደግሞ ጥሩ ሥራ አለው፦ በየቀኑ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት አንሱትና ቁጥሩን መዝግቡ። ቁጥሩ ሲንሸራተት መብራቱ እያረጀ ነው ወይም አንድ ሰው የሆነ ቁልፍ ነክቷል።

ጥያቄ፣ ከአንዲት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ፦ ለፊዚክስ ፕሮጀክት አንድ አምፖል ግድግዳ ላይ አብርቼ በስልኬ ፎቶ ሳነሳ ፒክስሉ 100 አለ። ተመሳሳይ አምፖል ስጨምር 200 ይሆናል ብዬ ነበር፤ 138 ሆነ። ኤክስፖዠሩንና ዋይት ባላንሱን ቆልፌያለሁ። ምኑን ነው የተሳሳትኩት?

መልስ፦ ምንም አልተሳሳትሽም እህቴ። እንዲያውም የሚገርም ንጹሕ ልኬት ነው ያገኘሽው። የተለመደው የፎቶ ፋይል ኤስአርጂቢ በሚባለው ደረጃ ነው የሚቀመጠው። ያ ደረጃ ለጨለማው ክፍል ብዙ ቁጥር፣ ለደማቁ ጥቂት ቁጥር ያካፍላል፤ ዓይናችን ጨለማ ውስጥ ያለን ልዩነት የበለጠ ስለሚለይ። ስለዚህ መሃል ላይ ያለው 128 የብርሃኑ ግማሽ አይደለም፤ 21.6 በመቶ ገደማ ነው። ወደ እውነተኛው ብርሃን ለመመለስ ቁጥሩን ለ255 አካፍዪ፣ 0.055 ደምሪ፣ ለ1.055 አካፍዪ፣ ውጤቱን ወደ 2.4 ኃይል ከፍ አድርጊ። ከ10 በላይ ለሆነ ቁጥር ሁሉ ይሠራል። የአንቺ 100 ወደ 12.7 በመቶ፣ 138ቱ ደግሞ ወደ 25.4 በመቶ ይሆናል። እጥፍ ነው!

ሁሉም ስልክ ግን እንዲህ ታማኝ አይደለም። ብዙዎቹ ፎቶውን ለማሳመር ከዚህ ደረጃ ይወጣሉ። ስለዚህ በዚሁ ዕቃ ሌላ ፈተና ሥሪ። አንደኛውን አምፖል ብቻ፣ ሁለተኛውን ብቻ፣ ከዚያ ሁለቱንም፣ በመጨረሻ ሁለቱንም አጥፍተሽ አንሺ። ቁጥሮቹን ወደ ብርሃን መልሺ፣ ሲጠፉ የተነሳውን ከሦስቱም ቀንሺ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ድምር ከሦስተኛው ጋር እኩል ከመጣ ካሜራሽን ማመን ትችያለሽ። ይህ ፈተና ምንም ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ ፕሮጀክትሽ ውስጥ ብታስገቢው ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ በኤልኢዲ መብራት ሥር ሳነሳ ፎቶው ላይ አግድም ጥቁር መስመሮች ይወጣሉ። ሴንሰሩ ተበላሽቷል?

መልስ፦ አልተበላሸም። መብራትዎ እየተርገበገበ ነው። በ50 ሄርዝ ኤሌክትሪክ የሚሠራ መብራት በሰከንድ 100 ጊዜ ሊደምቅና ሊደበዝዝ ይችላል፤ ሴንሰሩ ደግሞ ፎቶውን መስመር በመስመር ነው የሚያነበው። ሹተሩን (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) 1/50 ወይም 1/25 ሰከንድ ያድርጉት፤ 60 ሄርዝ ባለበት 1/60 ወይም 1/30። መብራቱ በዲመር (በብርሃን መቀነሻ) ተቀንሶ ከሆነ ይህም ላይበቃ ይችላል፤ ዲመሩን እስከ መጨረሻው ይክፈቱትና ብርሃኑን በርቀት ይቀንሱ።

ጥያቄ፣ ከአንድ የመብራት ቴክኒሻን፦ የመንገድ መብራትን ድምቀት በካሜራ መለካት ፈልጌ ከሉሚናንስ መለኪያ (የአንድን ገጽ ድምቀት ከሚለካ መሣሪያ) ጋር አመሳክሬዋለሁ። ያገኘሁት፣ የካሜራውን ቁጥር ወደ ድምቀት የሚለውጥ ማባዣ ለሁልጊዜ ያገለግለኛል?

መልስ፦ ለዚያው ሌንስ፣ ለዚያው የሌንስ ቀዳዳና ለዚያው አይኤስኦ ያገለግልዎታል። ሹተሩን ብቻ መቀየር ይችላሉ፤ ጊዜው እጥፍ ሲሆን ቁጥሩም እጥፍ ስለሚሆን በስሌት ይመለሳል። ሌላውን ከቀየሩ እንደገና ያመሳክሩ።

የበለጠ የሚያሳስበኝ የመብራቱ ዓይነት ነው። በካንዴላ በካሬ ሜትር የሚለካው ድምቀት ዓይን ለየቀለሙ ባለው ስሜት ተመዝኖ ነው። ያ ሚዛን እ.ኤ.አ. ከ1924 ጀምሮ የተደነገገ ሲሆን ጫፉ 555 ናኖሜትር ላይ፣ አረንጓዴው ውስጥ ነው። የካሜራዎ አረንጓዴ ቻናል ለዚህ ይቀርባል እንጂ አንድ አይደለም። በነጭ ኤልኢዲ ሥር ያወጡት ማባዣ ቢጫ የሶዲየም መብራት ላይ ሲወሰድ ይስታል፤ የሶዲየሙ ብርሃን በአብዛኛው በቢጫው አካባቢ ስለተሰበሰበ ካሜራውና ዓይን እኩል አይመዝኑትም። ለየመብራቱ ዓይነት የየራሱን ማባዣ ያውጡ፤ የትኛውን እንደተጠቀሙም የፋይሉ ስም ላይ ይጻፉት።