ቤቱ ይርጋ፣ መንጋው ይሂድ፦ ከመብራትና ከቧንቧ መስመር ርቆ ስለ መስፈር የተደረገ ጥያቄና መልስ

በቦረናና በሶማሌ ክልል ቆላ አካባቢዎች ብርካ (የዝናብ ጎርፍ የሚጠራቀምበት በሲሚንቶ የተለሰነ ጉድጓድ) በማስቆፈርና ሶላር በመግጠም አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። ከመንጋ ጋር መዞርን ትተው መብራትና ቧንቧ በሌለበት ቦታ መስፈር የሚያስቡ የቡድናችን አባላት ብዙ በመሆናቸው፣ ዛሬ የምችለውን ያህል እመልሳለሁ። አንድ ማሳሰቢያ ግን አስቀድማለሁ፤ ውሃው ሳይታወቅ ፓኔል አይገዛም።

ጥያቄ (ከያቤሎ አቅራቢያ)፦ በቤተሰባችን ስድስት ሰው ነን፤ ከድርቁ የተረፉልን አሥር ላሞች ናቸው። ልጆቹ እንዲማሩ ስንል 40 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ቤት ሠርተናል። ከጣሪያው የሚወርደው ውሃ ይበቃናል?

መልስ፦ ቁጥር ይዘው ስለመጡ አመሰግናለሁ። በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ሲዘንብ አንድ ሊትር ውሃ ይገኛል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ ያየ ሰው በደህና ዓመት ስለማያሰላ፣ ዓመቱን ሙሉ የዘነበው 250 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው እንበል። በአሸንዳው የሚባክነውን አንድ አምስተኛ ስንቀንስ 8,000 ሊትር ይቀርልናል። ስድስት ሰው በነፍስ ወከፍ 15 ሊትር ቢጠቀም ይህ ውሃ 88 ቀን ያቆያችኋል፤ አሥሩ ላሞች ግን እያንዳንዳቸው በቀን 30 ሊትር ቢጠጡ ሰው ሳይቀምሰው እንኳ በ27 ቀን ይጨርሱታል።

የብዙዎች ዕቅድ የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው፤ ሰው ሲሰፍር ከብቱንም አብሮ ያሰፍራል፣ በዓመቱ የቤቱ ዙሪያ ሣር የማያበቅል አቧራ ይሆናል። የቦረና አባቶች መንጋቸውን ዋራና ፎራ ብለው ሲከፍሉ ይህን ሒሳብ ያለ ወረቀት ሠርተውት ነበር። ዋራ የሚባለው ለወተት ከቤት የሚቀረው ነው፤ ፎራ የሚባለው ደግሞ ከወጣቶች ጋር ወደ ሩቅ ግጦሽ የሚሄደው ነው። ስለዚህ ቤቱን አርጉት፤ የሚታለቡ ሁለት ላሞች ብቻ አስቀሩና የቀሩትን ለፎራ ልቀቁ። ያን ጊዜም ቢሆን የጣሪያው ውሃ ለሰውም ለላሞቹም የሚደርሰው 53 ቀን ነውና በአካባቢያችሁ ባለው ኤላ (በባህላዊው ጥልቅ የውሃ ጉድጓድ) ተራ ሊኖራችሁ ይገባል። ተራውን የሚያስተዳድሩትን አባ ሄሬጋ ሳያነጋግሩ ቤት መሥራት ትልቅ ስሕተት ነው።

ጥያቄ፦ ሶላር ስንት ያስወጣል?

መልስ፦ ምን ሊያበሩበት ነው? ውሃስ አላችሁ?

ጥያቄ (ከደጋሃቡር)፦ ያሠራሁት ብርካ በሁለት ዓመቱ ተሰነጠቀ። ሲሚንቶው መጥፎ ይሆን?

መልስ፦ ሲሚንቶውን አትውቀሱ። እኔ መጀመሪያ ያሠራሁት ብርካ ሲመረቅ በግ ታርዶለት ነበር፤ በሁለተኛው ጂላል (ረጅሙ ደረቅ ወቅት) ስወርድ በማዕዘኑ ላይ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ አገኘሁ። ጥፋቱ የራሴ ነበር፤ ልስኑ ቢያንስ ሰባት ቀን ውሃ እየጠጣ መቆየት ሲገባው ውሃ ለመቆጠብ ብዬ በሦስተኛው ቀን አቆምሁ። ሁለተኛው ጥፋቴ በደረቁ ወራት ባዶውን መተዌ ነው። ባዶ ብርካ ፀሐይ ሲመታው፣ በዙሪያው ያለው ሸክላ አፈርም ሲደርቅ ስለሚሸሽ፣ ግድግዳው የሚደገፍበት ያጣል። ከታች አንድ ክንድ የሚሆን ውሃ ይተዉለት፤ አፉንም ይክደኑት።

መክደን የምለው ከብት እንዳይገባ ብቻ አይደለም። 10 ሜትር በ5 ሜትር የሆነ ክፍት ብርካ በሞቃት ወቅት በቀን 6 ሚሊ ሜትር ቢተንበት የሚጠፋው 300 ሊትር ነው፤ በቀን አራት ሊትር የምትጠጣ ፍየል ብንወስድ ይህ ለ75 ፍየሎች የሚበቃ ውሃ ነው። የእንጨት ርብራብ ላይ የተነጠፈ ሣር እንኳ ከምንም ይሻላል። የጎርፉ መግቢያ ላይም ደለል የሚቀርበት ትንሽ ጉድጓድ ካልተቆፈረ ብርካው በየዓመቱ ጭቃ ይሞላል።

አባል (ከአዲስ አበባ)፦ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ዘላንነት ጊዜው ያለፈበት አኗኗር ነው። ሁሉም ለምን በአንድ ጊዜ አይሰፍርም?

አባል (ከሞያሌ)፦ «ዘላን» የሚለውን ቃል ቢተዉት መልካም ነው። እኛ አርብቶ አደሮች ነን፤ የምንሄደውም ዝናቡ የወረደበትን አይተን እንጂ ዝም ብለን አንዘልም።

አባል (ከአዲስ አበባ)፦ ለመስደብ አላሰብሁም፤ ነገር ግን ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ከሰው ኋላ እየተከተሉ ሊዞሩ አይችሉም።

አባል (ከአዋሽ)፦ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 5 አርብቶ አደሩ ለግጦሽና ለእርሻ የሚሆን መሬት በነፃ የማግኘትና ከመሬቱ ያለመፈናቀል መብት ተሰጥቶታል። ሰፈራ ከውጭ ሲታዘዝና ቤተሰቡ ራሱ ሲመርጠው አንድ አይደለም።

መልስ፦ በቃሉ ጉዳይ የሞያሌው ወንድማችን ትክክል ናቸው። ትምህርት ቤት አይዞርም የሚለውም እውነት ነው፤ ቤቱ ይርጋ የምለውም ለዚሁ ነው። አብዛኛው ሰው የሚጣላው ከብቱ ይቀመጥ ወይስ ይሂድ በሚለው ላይ ሆኖ ሳለ ክርክሩን ስለ ሰው ታደርጉታላችሁ። ወደ ጥያቄዎቹ እንመለስ።

ጥያቄ፦ ስንት ፓኔል ያስፈልገኛል?

መልስ፦ ከላይ የሶላር ዋጋ ለጠየቁት የሰጠሁትን መልስ ያንብቡ።

ጥያቄ (ከነገሌ)፦ አምስት ዋት የሆኑ አራት አምፖሎች በየማታው ለአምስት ሰዓት፣ ሁለት ስልክ፣ 30 ዋት የሚወስድ ቴሌቪዥን ሦስት ሰዓት። ውሃ በቅርብ ኤላ አለን።

መልስ፦ እንዲህ ነው መጠየቅ። አምፖሎቹ 100፣ ስልኮቹ 20፣ ቴሌቪዥኑ 90፣ በድምሩ በቀን 210 ዋት ሰዓት ይፈልጋሉ። ባለ 100 ዋት ፓኔል በቀን አምስት ሰዓት ጥሩ ፀሐይ ቢያገኝ፣ በሙቀት፣ በአቧራና በሽቦ የሚባክነው ተቀንሶ 350 ያህል ይሰጣል፤ ስለዚህ አንዱ ይበቃዎታል። ባለ 12 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት የእርሳስ ባትሪ 1,200 ዋት ሰዓት ይይዛል ተብሎ ቢሸጥም ከግማሽ በታች ካወረዱት ቶሎ ይሞታል፤ ግማሹ ደመና ሲሆን ሦስት ቀን ገደማ ያቆያችኋል። ባትሪውን ከቆርቆሮው ሥር አታስቀምጡት፤ ሙቀት ከአጠቃቀም በላይ ይገድለዋል። ፓኔሉን ፍጹም አግድም አትዘርጉት፤ ጥቂት ካዘነበሉት ዝናብ ራሱ ያጥበዋል። ቻርጅ ኮንትሮለር (የባትሪውን አሞላል የሚቆጣጠር መሣሪያ) ሳይኖረው በቀጥታ ከባትሪ ጋር የሚያገናኝ ሰው ወደ እኔ ለአቤቱታ አይምጣ።

ጥያቄ፦ የግመል ወተት የሚያቆይ ፍሪጅ በዚሁ ፓኔል ይሠራል?

መልስ፦ አይሠራም። የወተት ዕቃችሁን በጭስ በደንብ አጥኑ፤ እናቶቻችሁ ያውቁበታል።

ጥያቄ፦ የመንግሥት መስመር እስኪደርስ ብንጠብቅስ?

መልስ፦ በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም እስከ 2025 ድረስ 65 በመቶውን በመስመር፣ 35 በመቶውን ከመስመር ውጭ ለማዳረስ ያቀደ ነበር። ዓመቱ አልፏል፤ በእናንተ ቀበሌ ምሰሶ ከሌለ በየትኛው ክፍል እንዳላችሁ አትጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ ፍየል ይሻላል ወይስ ግመል?

መልስ፦ የእንስሳት ባለሙያ ይጠይቁ።

ጥያቄ (እንደገና ከያቤሎ አቅራቢያ)፦ መልስዎን ለቤተሰቡ አነበብሁላቸው። ታላቁ ልጄ ግን ስምንተኛ ክፍል ደርሷል፤ ፎራውን ማን ይውሰደው? ቤት የሠራነው እኮ እርሱ እንዲማር ነው።

መልስ፦ ይህን ጥያቄ በብዙ ቤት ሰምቼዋለሁ፤ ሶላርም ብርካም አይመልሱትም። ሲሠራ ያየሁት አንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ሦስት ወይም አራት ጎረቤቶች ፎራቸውን ቀላቅለው አዋቂዎቹ በፈረቃ ይይዙታል፣ ተማሪው የሚሄደው ትምህርት ቤት ሲዘጋ ብቻ ነው። ስምንት ከብት ለብቻው አንድ ሰው ያስራል፤ ሠላሳም ቢሆን የሚያስረው አንድ ወይም ሁለት ሰው ነው። ስለዚህ ሮቶ ከመግዛታችሁ በፊት ከጎረቤቶቻችሁ ጋር ተቀመጡና ስንት ቤት፣ ስንት ከብት፣ ስንት የደረሰ ሰው እንዳላችሁ ቆጥራችሁ ጻፉልኝ።