በጥር ቫሌንሲያ ምን ይሠራል? (መልስ)

ትኬቱን አትሰርዢው። «ጥር ላይ ባሕሩ ከቀዘቀዘ ምን ልንሠራ ነው?» ላልሽው፣ እውነት ነው፣ መዋኘት አይታሰብም። የዚህች የስፔን ከተማ ዋና ነገር ግን ባሕሩ አይደለም።

ከቱሪያ ፓርክ ጀምሪ። በ1957 እ.ኤ.አ. የቱሪያ ወንዝ ሞልቶ ከተማዋን ካጥለቀለቀ በኋላ አቅጣጫውን አስቀየሩት። የደረቀው የወንዝ ወለል ዛሬ ከተማዋን የሚያቋርጥ ረጅም መናፈሻ ነው። ብስክሌት ተከራዪና ወደ ባሕሩ አቅጣጫ ንጂ፤ የሳይንስ ሙዚየሙና ትልቁ የዓሣ ማሳያ ኦሴያኖግራፊክ እዚያው ናቸው። ልጆች ካሉ ቀኑ በዚህ ያልቃል።

ዝናብ ከጣለ የድሮው የሐር መገበያያ ላ ሎንሃ አለ። ማዕከላዊ ገበያው ፊት ለፊቱ ነው፤ ግን በጠዋት ሂጂ፣ እሑድ ዝግ ነው።

ሐሙስ እዚያ ከሆንሽ እኩለ ቀን ላይ ካቴድራሉ በር ላይ ቁሚ። ገበሬዎች የመስኖ ውሃ ጠብ በቃል ብቻ የሚዳኙበት ጥንታዊ ችሎት አለ። የኛን አገር የውሃ አባቶች ለሚያውቅ ሰው ደስ ይላል። ክስ ከሌለ ግን ወዲያው ያልቃል፣ አርፍደሽ እንዳትደርሺ።

አንድ ነገር ከልምድ ልንገርሽ፦ ፓኤያ፣ የከተማዋ የሩዝ ምግብ፣ የምሳ ምግብ ነው። ማታ ለቱሪስት የሚያቀርቡት ብዙ ጊዜ እንደገና የተሞቀ ነው። ደግሞ «ቫሌንሲያና» የሚባለው ውስጥ ከዶሮው ጋር ጥንቸል አለ። የማትበሉ ከሆነ ወይም ጾም ላይ ከሆናችሁ «ደ ቬርዱራስ» ብላችሁ እዘዙ፣ የአትክልት ነው። መረቁ ከሥጋ መሆን አለመሆኑንም ሳታዙ በፊት ጠይቁ።