ዲቲ 125ን በ60 ሚሊ ፒስቶን ማስፋት፦ ቴስታታው፣ ጂግለሩና ቤንዚኑ

ወንድሜ፣ የጠየቅከው ሁለት ነገር ነው። የያማሃ ዲቲ 125ን (ባለ ሁለት ምት ሞተር ሳይክል) ሲሊንደር ከ56 ወደ 60 ሚሊ አስፍቶ ጅማ ላይ መንዳት ያዋጣል ወይ? ካዋጣስ ቤንዚኑና ዘይቱ እንዴት ይሁን? ያዋጣል። ግን ብዙ ሰው ገንዘቡን ፒስቶን ላይ ጨርሶ ቴስታታውን (የሲሊንደሩን ክዳን) እንዳለ መልሶ ይገጥማል። ሞተሩን የሚያቃጥለው ይሄ ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። የፒስቶኑ ጉዞ 50 ሚሊ ስለሆነ በ56 ሚሊ 123 ሲሲ፣ በ60 ሚሊ 141 ሲሲ ይሆናል። ፒስቶኑ ጫፍ ሲደርስ ከላይ የሚቀረው ቦታ 20.5 ሲሲ ነው ብንል እመቃው (አየርና ቤንዚኑ ስንት እጥፍ እንደሚታመቅ) 7 ለ 1 ነበር። ቴስታታውን ሳትነካ 60 ብትገጥም ወደ 7.9 ይወጣል። 7 ላይ እንዲቆይ ቦታው 23.5 ሲሲ መሆን አለበት፤ ስለዚህ ቶርኖ ቤቱ 3 ሲሲ ያህል ይፋቅልህ። ጓርኒሲዮኑም (በቴስታታውና በሲሊንደሩ መካከል ያለው ማሸጊያ) ከ60 ሚሊ ሰፋ ያለ ይሁን፤ ጠርዙ ወደ ውስጥ ከገባ ግሎ ቤንዚኑን ያለ ጊዜው ያቀጣጥላል።

ቦታውን ለመለካት ፒስቶኑን ጫፍ ላይ አቁምና በካንዴላው (በእሳት ሰጪው) ቀዳዳ ቀጭን ዘይት በሲሪንጅ ሙላ። ጥርሱ የሚጀምርበት ሲደርስ ስንት እንደገባ አንብብ። በፒስቶኑ ዳርና በቴስታታው መካከል ያለውን ክፍተት ደግሞ በስታኞ (ለስላሳ መበየጃ) ሽቦ ለካ፤ በስፒኖቱ (ፒስቶኑ ውስጥ በሚያልፈው ዘንግ) አቅጣጫ ግራና ቀኝ አስገብተህ ሞተሩን በእጅ አዙር። የተጨፈለቀው ሽቦ ከ1.0 እስከ 1.2 ሚሊ ከሆነ ጥሩ ነው።

ሲሊንደሩ ራሱ የብረት ካሚቻ (የውስጥ ቱቦ) ስላለው ይሰፋል። (እንደ አዳዲሶቹ የያማሃ ዋይዜድ 125 በኒካሲል፣ በጠንካራ የኒኬል ቅብ፣ የተለበጠ ሲሊንደር ካለህ ተራ ቶርኖ ቤት አትውሰደው፤ ልባጡ ከተፋቀ እንደገና መለበጥ አለበት።) 4 ሚሊ ብዙ ነው። ከመስፋቱ በፊት የካሚቻውን ውፍረት ከታች፣ ወደ ክራንክ ቤት በሚገባው በኩል ለካ። ከቀጠነ ወፍራም ካሚቻ ይገባለታል፤ ያኔ የክራንክ ቤቱ አፍም መስፋት ሊያስፈልገው ይችላል።

ከሌላ ሞተር ፒስቶን ከወሰድክ የስፒኖቱ ውፍረትና ከስፒኖቱ እስከ ፒስቶኑ አናት ያለው ቁመት እኩል መሆኑን አረጋግጥ። ከዚህ የባሰው የፋሻው (የፒስቶኑ ቀለበት) መያዣ ፒን ነው። ፒኑ መስኮት (በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ያለ የጋዝ መግቢያና መውጫ ቀዳዳ) ላይ ከዋለ የፋሻው ጫፍ ወጥቶ ይሰበርና ሲሊንደሩን ይቧጭራል። ከተፋቀ በኋላ የመስኮቶቹን ጠርዝ ሁሉ በትንሹ አለስልስ። የፋሻው ጫፎች ክፍተት ለ60 ሚሊ ከ0.25 እስከ 0.35 ይሁን። የፒስቶኑና የሲሊንደሩ ክፍተት ግን ከፒስቶኑ ጋር በመጣው ወረቀት ላይ ያለው ነው፤ በግምት አይሠራም።

አሁን ቤንዚን። በሃይላንድ የሚሸጠውን ለዚህ ሞተር አትጠቀም። ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ቤንዚን ሞተሩን ቶሎ ያንኳኳል (ያለ ጊዜው ይፈነዳል)፣ ፒስቶኑንም ይበሳል። ከማደያ ብቻ ቅዳ። ከተጠራጠርክ ነጭ ወረቀት ላይ ጠብ አድርግ፤ ንጹሕ ቤንዚን ተኖ ይጠፋል፣ ነጭ ጋዝ ያለበት የቅባት ምልክት ይተዋል። የጅማ ክረምት ዝናብ ስለማይፋታው የታንከሩን ክዳን ላስቲክም እይ፤ ውኃ ሲገባ መጀመሪያ የሚሞላው የካርቡራቶሩ ሳህን ነው።

ዘይቱ ጃሶ (የጃፓን የዘይት ደረጃ) ኤፍሲ ወይም ኤፍዲ የሚል ይሁን። የጀልባ ዘይት በአየር ለሚቀዘቅዝ ሞተር አይሆንም። የዘይት ፓምፑ ለ125 የተለካ ስለሆነ እኔ የምመርጠው ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር በእጅ መቀላቀሉን ነው፦ 1 ለ32፣ ማለትም ለ1 ሊትር ቤንዚን 31 ሚሊ ሊትር ዘይት፣ ለ5 ሊትር 156። «ለጥንቃቄ» ብለህ ዘይት ብትጨምር በጂግለሩ (ካርቡራቶሩ ውስጥ ቤንዚን በልክ በሚያሳልፈው ቀዳዳ) የሚያልፈው ቤንዚን ይቀንሳል፤ ሞተሩ ይደርቃል፣ ይግላል። መጠኑን ከቀየርክ ጂግለሩንም እንደገና ፈትሽ።

ጂግለሩን ከነበረው አንድ ወይም ሁለት ቁጥር አሳድገህ ጀምርና ቀስ በቀስ ቀንስ። ዳገት ላይ በሦስተኛ ማርሽ ሙሉ ጋዝ ሰጥተህ ፍሪሲዮን ያዝ፣ ወዲያው አጥፋና ካንዴላውን ፍታ። ቡናማ ከሆነ ደህና ነው። ከነጣ፣ ይልቁንም ጥቃቅን የአሉሚኒየም ነጠብጣብ ካለበት፣ አትንዳው። ጂግለር ብታሳድግም ካልተስተካከለ የክራንኩን የማግኔቶ በኩል ኦይል ሲል (ማሸጊያ ላስቲክ) መርምር፤ አየር የሚስበው በዚያ ነው።

ይህን ሁሉ ጅማ ላይ ስታስተካክል ከ1,700 ሜትር በላይ ነህ፣ አየሩ ሳስቷል። ወደ ወልቂጤ ስትሄድ ግቤ ሸለቆ ውስጥ ወደ 1,100 ሜትር ገደማ ትወርዳለህ፤ አየሩ ይወፍራል፣ ሙቀቱም ይጨምራል። ለጅማ የተለካው ጂግለር እዚያ ያንሳል፣ በጅማ ያልተሰማው መንኳኳትም እዚያ ይጀምራል። ለዚያ መንገድ አንድ ቁጥር ከፍ ያለ ጂግለር ያዝና ቁልቁለቱ ሳይጀምር ቀይር። በቁልቁለቱም ጋዝ ዘግተህ በማርሽ ብቻ አትውረድ፤ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ስለሚመጣ ጋዝ ሲዘጋ ቅባቱም ይቀራል። በየመሀሉ ፍሪሲዮን ይዘህ ጋዝ ስጠው።

እስከዚያ ግን የመጀመሪያውን ታንከር እዚሁ ከተማ ዙሪያ ጨርስ፦ ረጅም ሙሉ ጋዝ የለም፣ ከባድ ጭነት የለም። ከመጀመሪያው ሙቀት በኋላ ሞተሩ ፍጹም ሲቀዘቅዝ የቴስታታውን ዳዶዎች በመስቀለኛ ቅደም ተከተል እንደገና አጥብቅ። የቴስታታውን ሲሲ፣ የስታኞውን ልክና የጂግለሩን ቁጥር ከካንዴላው ፎቶ ጋር እዚህ ለጥፍልን፤ ቁጥሩን አይተን ምን እንደሚቀነስ ወይም እንደሚጨመር እንነግርሃለን።